ለወረደ ሁሉ ሜዳሊያ

«አባባ፣ የሉጅ የዓለም ሻምፒዮና እያየሁ ነው» አለኝ የልጅ ልጄ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

«የልጅ?»

«ሉጅ!»

«እኮ! የማን ልጅ አሸነፈ?»

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። እኛ ልጅ ሳለን ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይተነፈስም ነበር፤ መተንፈስ ያማረው ደጅ ወጥቶ ተንፍሶ ይመለስ ነበር። ስልኩን አዙሮ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። መነጽሬን ቤት ሙሉ ፈልጌ ግንባሬ ላይ አገኘሁትና ዝቅ አድርጌ አየሁ።

እጅ እግሩ የተሟላ፣ ጠግቦ ያደረ ጎልማሳ፣ ከገላው የተጣበቀ ልብስ ለብሶ፣ ቃሬዛ በምትመስል ነገር ላይ በጀርባው ተንጋሏል። እግሩ ከፊት፣ ራሱ ከኋላ። በበረዶ በተሠራ ቦይ ውስጥ እየተምዘገዘገ ቁልቁል ይወርዳል።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኩ።

ባለቤቴ «በስመ አብ! ማን ሞተ?» እያለች ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ከጓዳ ብቅ አለች። ልጁ በሳቅ ተንፈራፈረ። ለካ ማንም አልሞተም። ሰውየው ስፖርት ላይ ነው። እታች ሲደርስ ብድግ አለ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሕዝቡም አጨበጨበለት። ምን ስላደረገ? ስለወረደ!

አንተ ስለ መውረድ ምን አገባህ የሚለኝ ካለ ይስማኝ። እኔ 31 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። ከጎንደር ተነሥቼ፣ ዳባትን አልፌ፣ ደባርቅ ቡና ጠጥቼ፣ ሊማሊሞን ወርጄ፣ ዛሪማና አዲ አርቃይን ዘልቄ ሽሬ የምገባ ሰው ነኝ። ሊማሊሞን ያላየ ሰው ወረድኩ አይበል። ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ ምድር ታልቃለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያጠማዘዘው መንገድ ከእግርህ ሥር እንደ ተፈታ መቀነት ተዘርግቶ ታየዋለህ። አንዱን ኩርባ ስትጨርስ ሌላው አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ አሞራ። አሞራው ደግሞ ከላይህ አይደለም፤ ከታችህ ነው የሚበረው።

በዚያ ላይ ኤንትሬ ነው የምነዳው፤ ያውም ተሳቢ የተቀጠለበት፣ እስከ አፍ ገደፉ ጤፍ የተጫነ። መኪና ያስተማሩኝ ጌታዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ!» ዳገቱን ሽቅብ ለመግፋት ሁለተኛ ማርሽ የሚያስፈልግህ ከሆነ፣ ቁልቁልም በሁለተኛ ትወርዳታለህ። በፍሬን ተማምነህ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ ሽታው አፍንጫህን ይሰነፍጠዋል፤ ከዚያ ፔዳሉን ስትረግጥ ጭቃ የረገጥክ ይመስልሃል። ያኔ ንስሐ አባትህን ነው የምትጠራው። ረዳቱ ከጎማ ሥር የሚጣለውን ታኮ ይዞ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ የእሱ ታኮ የስንት ልጆች አባት አትርፏል!

አንድ ቀን ፍሬን ከዳኝ። በጥቅምት ነው፤ ጭጋግ ነበር። ገደሉን ትቼ ግድግዳውን መረጥኩና ፓራፋንጎውን ከዓለቱ ጋር እያፋጨሁ አቆምኳት። ሰው አልተነካም፣ ጤፉም አልፈሰሰ። የመኪናው ባለቤት ምን ሸለመኝ መሰላችሁ? የፓራፋንጎውን ማሠሪያ ከደመወዜ ቆረጠው! አሁን ይኸው ፍሬን የሚባል ነገር ገና ሲፈጠር ያልተሠራለት ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው መዝሙር ይዘመርለታል። እኔ ፍሬን በጠሰብህ ተብዬ ተቀጣሁ፤ እሱ ፍሬን የለኝም ብሎ ተሸለመ። ወይ ዘመን!

ልጁ ሊያስረዳኝ ሞከረ። «አባባ፣ ዝም ብሎ መውረድ አይደለም እኮ። መሪው እግራቸው ነው» አለኝ። ከሥሯ ሁለት የብረት መሄጃ ያላት መንሸራተቻ ናት አሉ። በባታቸው ጫን ሲሏት ወደዚህ፣ በትከሻቸው ሲገፏት ወደዚያ ትታጠፋለች። ሲነሡ ደግሞ እጀታውን ይዘው ራሳቸውን ያወናጭፉና፣ ጥፍር ባለው ጓንት በረዶውን እንደ ድመት ቧጭረው ይጋደማሉ። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን እንኳ ቀና አያደርጉም፤ ነፋስ ይይዛቸዋላ!

«መንገዱን ሳያይ?»

«በቃላቸው ይዘውታል።»

እንግዲህ ይህችን ስሰማ ትንሽ ዝም አልኩ። ሊማሊሞን እኔም በቃሌ ነበር የማውቀው። በጭጋግ ቀን ኩርባዎቹን እንደ ዳዊት እየደገምኩ ነበር የምወርድ። ግን ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። ሽማግሌ በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ አይሸነፍም።

«ለመሆኑ ይህን ነገር ማን ጀመረው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ የሚወቀስ ሰው ፈልጌ። ፈልጎ አነበበልኝ። በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በየካቲት 1875 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዳቮስ በሚባል አገር 21 ሰዎች ተሰብስበው 4 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ክሎስተርስ ድረስ በመንሸራተቻ ወረዱ። ሁለት ሰዎች እኩል አንደኛ ወጡ፤ 9 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣ ተማሪ፣ ሌላው የክሎስተርስ ፖስተኛ!

ፖስተኛውን ወደድኩት፤ የመንገድ ሰው ነዋ። ደብዳቤ ተሸክሞ ስንት ዓመት ሽቅብ ሲወጣ ኖሮ አንድ ቀን ቢወርድ ማን ይፈርድበታል? ሒሳቡንም ሠራሁት፤ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የሰው አወራረድ ነው! እንዲህ ያለውን እኔም አላማም። ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። እነዚያ ሁለቱ እኩል ደረሱ ተብለው ተጨባብጠው ወደ ቤታቸው ገቡ። የዛሬዎቹ አንዷን ሰከንድ ለሺህ ይሸነሽኗታል። በ1990 ዓ.ም ጃፓን፣ ናጋኖ ላይ ሁለት ጀርመናውያት አራት አራት ጊዜ ወርደው፣ ጊዜው ሁሉ ተደምሮ፣ ወርቁን ከብሩ የለየችው ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ናት። ሁለት ሺህኛ! እኔ ለደባርቅ ሰው «ነገ ጠዋት እደርሳለሁ» ብዬ ከነገ ወዲያ ከሰዓት ስደርስ «ቶሎ መጣህ» ይለኝ ነበር።

ሺህኛ ሰከንድ ሲመጣ ሌብነትም ይመጣል። በ1960 ዓ.ም ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ላይ ሦስት የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች የመንሸራተቻቸውን ብረት በእሳት አሙቀው ተገኙ ተብሎ ከውድድሩ ተሰረዙ። የጋለ ብረት በረዶውን እያቀለጠ ይፈጥናላ! ዛሬም ከመነሻው ላይ ዳኛ ቆሞ የብረቱን ሙቀት ይለካል አሉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ምጣድ ሳይሰማ ሊጥ የሚያፈስ ሰው መች ይጠፋል፤ እነዚህ ግን አሰምተው ተቀጡ» አለች። በዚህ ቤት ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ እንዳለ የማውቀው እንዲህ ስትል ነው።

ስማቸውስ? ጀርመን ውስጥ ጌኦርግ ሃክል የሚባል ጀግና አላቸው። በተከታታይ ሦስት ኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል፤ በ1984፣ በ1986 እና በ1990 ዓ.ም። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ሁለት ዓመት ብቻ የሆነው የክረምቱን ኦሎምፒክ ከበጋው ሊለዩት አቆጣጠሩን ስላዛወሩት ነው። ይህን የመሰለ ሰው ሕዝቡ ምን ብሎ ጠራው? «በራሪው ነጭ ቋሊማ»! እኛ ዘንድ ጀግና የፈረስ ስም ይወጣለታል፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ይባላል። ቋሊማ! ደግሞም አልተቀየመም አሉ።

ይባስ ብሎ ቶንጋ የምትባል፣ በረዶ በሕልሟም አይታ የማታውቅ የባሕር ደሴት አለች። ከዚያ የመጣ አንድ ወጣት በ2006 ዓ.ም ሶቺ ላይ ሉጅ ወርዶ 32ኛ ወጣ። ስሙ ብሩኖ ባናኒ ነው። እናቱ ያወጣችለት ግን ፉአሄአ ሴሚ ነበር፤ ብሩኖ ባናኒ የጀርመን የውስጥ ልብስ ኩባንያ ስም ነው። ወጪውን የሚሸፍንለት አግኝቶ ስሙን ለወጠላቸው! እኔ 31 ዓመት ስነዳ ስሜን ያስለወጠኝ ሰው የለም፤ ያወቀውም የለም እንጂ። «ኤንትሬው» ነበር የምባል። አሁን ሳስበው ለካ እኔም በፋብሪካ ስም ነው የኖርኩት፤ ያውም በነጻ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያንገበግበኛል። ብርዱ የእኛ ነበር! ቁልቁለቱም የእኛ ነበር! በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ አንድ የድንጋይ ዙፋን አይቶ ጽሑፉን ገልብጦታል። የአክሱም ንጉሥ ያስቀረጸው ነው። ንጉሡ ድል ያደረጋቸውን አገሮች ሲቆጥር ሰሜንን ጠርቶ፣ ተራራው መውጫ የሌለው፣ ብርድ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ያለው ነው ይላል። እስከ ጉልበት! ዳቮስ ያኔ ማን ያውቃታል? እኛ በረዶአችንን በድንጋይ ላይ ጽፈን አስመስክረናል፤ ዛሬ በረዶው ከራስ ዳሸን አናት አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ብሎ እንደ ተበዳሪ ተመልሶ ይጠፋል። የቀረልን አመዳይና ውርጭ ነው። ጅብራው ላይ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ታየዋለህ፤ ፀሐይ ስትወጣ የለም።

መውረድ ካስመሰገነ ደግሞ የሰሜን ጭላዳ ምን አጠፋ? ሳንቃበር፣ ግጭ ወይም ጨነቅ ማታ ላይ የቆመ ሰው አይቶታል። ቀኑን ሙሉ ሜዳው ላይ ሣሩን እየነጨ ሲበላ ውሎ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሚስቱን፣ ልጁን ይዞ ከገደሉ አፋፍ ይንጠለጠላል። ግልገሉ እናቱ ጀርባ ላይ ተጣብቆ፣ ጎረምሳው ከዓለት ዓለት እየተስፈነጠረ፣ ሁሉም ገደሉ ውስጥ ወርዶ ያድራል። ጓንት የለ፣ የራስ ቁር የለ፣ ሺህኛ ሰከንድ የለ። ጠዋት ደግሞ በራሱ እጅና እግር ሽቅብ ይወጣል። ይህች ነጥብ ትያዝልኝ፤ በራሱ እጅና እግር! ኋላ እመለስባታለሁ።

ሰውም ቢሆን አገራችን የምታውቀው ቆሞ መሮጥን ነው። ሉጅ ኦሎምፒክ የገባው በ1956 ዓ.ም ኢንስብሩክ ላይ ነው። ከዚያ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም፣ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ አንደኛ ገባ። ገብቶም አልተኛም፤ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። የእኛ ሰው በጀርባው ቢጋደም እንኳ ካሸነፈ በኋላ ነው። እነሱ ግን ከመነሻው ተጋድመው ጀመሩ!

«እኛም እኮ በረዶ ላይ ሄደናል» አለኝ ልጁ። ይህን አውቃለሁ። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ፣ ሌክ ፕላሲድ በምትባል ከተማ ስኪ ተማረ። ሌክ ፕላሲድ ደግሞ የሉጅ ቦይ ያለባት ከተማ ናት፤ ሁለቱም አጠገቡ ነበሩ ማለት ነው። ሮቤል ግን በእግሩ የሚገፋውን፣ ዳገትም ቁልቁለትም ያለበትን አገር አቋራጩን መረጠ። ይህ ነው የእኛ ሰው! አገሩ ሲመለስ በረዶ ቢያጣ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በየካቲት 1998 ዓ.ም ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ብቻውን ገባ፤ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ከ80ኛ በኋላ ነው የጨረሰው። ጨረሰ ነው ያልኩት! በ2002 ዓ.ም ደግሞ ቫንኩቨር ድረስ ሄዶ ደገመው።

እዚያው ቫንኩቨር ላይ ነው እኔን አፌን ያስያዘኝ ነገር የሆነው። ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ የሚባል፣ 21 ዓመት የሞላው የጆርጂያ ሉጅ ተወዳዳሪ፣ የመክፈቻው ዕለት በልምምድ ላይ ከቦዩ ተወርውሮ ከብረት ምሰሶ ጋር ተጋጨና ሞተ። የዚያኑ ማታ የጆርጂያ ልጆች ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው በስታዲየሙ አለፉ። የእኛም ሮቤል በዚያው ሰልፍ ባንዲራውን ይዞ አልፏል።

ልጁ ይህን ሲያነብልኝ ስልኩን ዝቅ አደረገው። እኔም በመጀመሪያ «ማን ሞቶ ነው?» ያልኩት ነገር አፌ ውስጥ መረረኝ። ሊማሊሞ ላይ ስንቱን አውቃለሁ! ከገደሉ ሥር ዝገው የቀሩ መኪናዎችን በየኩርባው እያየሁ፣ ባርኔጣዬን እያነሣሁ ነው ያለፍኩት። የሚወርድ ሰው ላይ መሳቅ ለእኔ አይገባም ነበር። ልጁን ተቆጣሁት፤ ራሴን መቆጣት ስላልቻልኩ።

ያን ማታ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የልጅ ልጄና ሦስት ጓደኞቹ ደጃፌ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ጸጥ ብለዋል፤ ልጆች ጸጥ ካሉ አንድ ነገር ፈልገዋል።

«አባባ፣ ሺቫ ኬሻቫን የሚባል ሕንዳዊ አለ» ሲል ጀመረ።

«ምን ሆነ?»

«አገሩ የሉጅ ቦይ ስላልነበረው መንሸራተቻው ላይ ጎማ ገጥሞ በሂማላያ መንገድ ላይ እየወረደ ነው የለመደ። በመኪናና በበግ መንጋ መካከል! በ16 ዓመቱ ናጋኖ ገባ፤ ከዚያ እስከ 2010 ዓ.ም ድረስ ስድስት ኦሎምፒክ ተወዳደረ።»

በግ ያለበት ቁልቁለት! በልቤ ደባርቅን አየኋት፤ ቅዳሜ ገበያ የሚነዳውን በግ፣ ክላክስ ብትነፋለት መንገዱ መሀል ቆሞ የሚያይህን። እንደ ሕንዳዊው በበግ መሀል የወረድኩበት ቀን ስንት ነበር፤ ስድስት ኦሎምፒክ አይበቃውም።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ኩሽኔታ አለዎት ይባላል።»

ማን ነገራቸው? ባለቤቴ ከበሩ ኋላ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። አዎ፣ አለኝ። ጡረታ ስወጣ ከሥራ ያመጣሁት ሀብት አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሙሉ አሮጌ የዲናሞ ኩሽኔታ ነው። ግራሶ ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከአልጋዬ ሥር አኑሬዋለሁ። ለምን ይሆናል ቢባል አላውቅም። ሰው ወርቅ ያስቀምጣል፤ እኔ የሚዞር ነገር አስቀመጥኩ።

«አልሰጥም!» አልኩ። ከዚያ ጣሳውን ይዤ ወጣሁ።

ደግሞ የሠሩትን ጋሪ አይቼ መናደድ ጀመርኩ። ጣውላው ሰንጠቅ ያለ፣ ምስማሩ የጎበጠ። የፊቱ መዞሪያ መሀል ላይ በአንድ ብሎን ነው የሚያዘው፤ እነሱ በሽቦ አስረውታል! «መሪ በሽቦ ይታሰራል? ማን ነው ቦሎ የሚሰጣችሁ?» ብዬ ጮህኩ። መፍቻዬን አስመጣሁ። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እያዞርኩ ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳመጥኳቸው። ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ ንብ ይዘምራል፤ የታመመው እንደ አማት ያጉረመርማል። አራት ዘማሪ መርጬ በእንጨት አክሰል ጫፍ ላይ በመዶሻ እያባበልኩ ከተትኩ። ፍሬኑ ምንድን ነው ስላቸው ትንሹ ልጅ የኮንጎ ጫማውን ተረከዝ አሳየኝ፤ በልቶ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ከኋላ በኩል በእጅ የሚጫን ፍሬን ገጠምኩ።

«ሉጅ ፍሬን የለውም እኮ!» አለ የልጅ ልጄ።

«የጎንደር ሉጅ አለው!» አልኩት።

ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ አንድ ቁልቁለት አለች፤ 200 እርምጃ ቢሆን ነው፤ መሀል ላይ አንድ ኩርባ። ከላይ እነሱ፣ ከታች እኔ ከነሰዓቴ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህል ያመጡ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ሰዓቴ አሮጌ ናት፤ ሺህኛ ቀርቶ ሰከንዷም አንዳንዴ ትረሳለች። ክንዴን ቀና ሳደርግ ከላይ ኩሽኔታው «ግርርርር» አለ። ድንጋይ ንጣፉ ላይ ያ ድምፅ ሲመጣ ጥርሴ ሁሉ ነዘረኝ። የልጅ ልጄ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ ሸሚዙ እንደ ሸራ ተነፍቶ መጣ። ከኩርባው ላይ አንድ አህያ ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ቆማለች። ልቤ ቀጥ አለች! «ማርሽ!» ብዬ ጮህኩ፤ ማርሽ የታለውና! ልጁ ግን የቀኝ እግሩን ጫን አደረገና ትከሻውን ጣለ፤ ጋሪዋ አህያዋን በአንድ ክንድ ርቀት ታክካ አለፈች። አህያዋ ጆሮዋን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ ሐሳቧን ቀጠለች። ልጁ እግሬ ሥር ደርሶ ቆመ። በፍሬኑ ነው የቆመው፤ ይመዝገብልኝ።

«ስንት ነው አባባ? ስንት ሆነ?»

ሰዓቴን አየሁ። ቆማ ነበር። «19 ሰከንድ» አልኩ፤ ድምፄ ስለተንቀጠቀጠ ማንም አልተጠራጠረኝም። ሁለተኛው ሲወርድ 20 ሰጠሁት። ትንሹ ልጅ እንዳያዝን ለእሱም 19 ሰጠሁና ከልጅ ልጄ ጋር እኩል አንደኛ አልኳቸው፤ እንደ ተማሪውና እንደ ፖስተኛው። ግሬኖብል ላይ ሙቀት የሚለካው ዳኛ ቢያየኝ ያሰርዘኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉም «እንደገና! እንደገና!» አሉ። ጋሪዋ ግን እታች ናት፤ ቁልቁለቱም አሁን ዳገት ሆኗል። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ገመዱን አልያዘም። ያን ጊዜ ነው ማታ ሙሉ ሲጎረብጠኝ ያደረው ጥያቄ ከአፌ የወጣው፦

«እነዚያ ፈረንጆቹ ከወረዱ በኋላ ማን ነው ተመልሶ የሚያወጣቸው?»

የልጅ ልጄ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፤ ፈለገና ፈገግ አለ። «መኪና ነው አባባ። እነሱንም መንሸራተቻቸውንም ጭኖ ወደ ላይ የሚመልሳቸው የጭነት መኪና አለ።»

«የጭነት መኪና?»

«አዎ።»

«ሹፌሩን አሳየኝ።»

ደጋግሞ ፈለገ። የወረደው አለ፤ ያጨበጨበው አለ፤ ሰንደቁ፣ ሜዳሊያው፣ ዳኛው፣ የብረት ሙቀት የሚለካው ሁሉ አለ። ሹፌሩ የለም። ጭላዳ እንኳ በራሱ እጅና እግር ነው የሚወጣ ብያችሁ ነበር፤ ይኸው! ዓለም ሁሉ ተሰብስቦ የሚያጨበጭብለት ውድድር አንድ ሰው በሁለተኛ ማርሽ፣ በበረዶ ዳገት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ባያመላልስ ወደ ሁለተኛው ዙር አያልፍም። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ነበር የጌታዬ ሕግ፤ እነዚህ በሰው ማርሽ ወጥተው ነው ያለ ማርሽ የሚወርዱ።

ገመዱን አነሣሁ። ትንሹ ልጅ ጋሪዋ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ውረድ ልለው አሰብኩና ተውኩት፤ ባዶ ወጥቼ አላውቅም። ኩሽኔታው ከኋላዬ ቀስ ብሎ ይዘምራል። መሀል መንገድ ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ቆም አልኩ፤ የልጅ ልጄ ሳይነገረው ድንጋይ አንሥቶ ከኩሽኔታው ኋላ አስደገፈ።

ታኮ! ማንም አላስተማረውም።

ባለቤቴ ከአጥራችን ላይ ሆና ታየናለች። «ወገብዎን!» ብላ ጮኸች።

«ሥራ ላይ ነኝ!» አልኳት።